ዕቃዋን የምትረሳው ልጅ

ሃሊሞ ምን ሆና ነው በመጣች ቁጥር ዕቃዋን እኔ ቤት ረስታ የምትሄደው?

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅኩ አላህ ይወቀው። ሱብሒ ሰግጄ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥኩ እጠይቃለሁ፤ ሩዝ ስለቅም እጠይቃለሁ፤ ሰው እያወራኝ መሃል ላይ ትዝ ይለኝና እጠይቃለሁ። መልስ የለም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዴት እንዲህ ትረሳለች? እኔ እንኳ ደም ግፊቱንም ስኳሩንም ተሸክሜ የሣጥኔን ቁልፍ ረስቼ አላውቅም። «ጭንቅላቷ ላይ የሆነ ነገር ይኖር ይሆን?» እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፌን በእጄ እይዛለሁ። ክፉ ነገር በአፍ ከተጠራ መንገዱን አያጣም፣ ትል ነበር እናቴ።

ሃሊሞ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞትብኝ እሷንና ታናሽ እህቷን ኢዲልን እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሠፈር፣ በዚሁ ቤቴ አሳደግኳቸው። አዬዮ ይሉኛል፣ በሶማልኛ አያት ማለት ነው፤ አሁን ሠፈሩ ሁሉ አዬዮ ሻሚስ ነው የሚለኝ። ሃሊሞ ፋርማሲ ተምራ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ባሏ ጦልሃ በጅቡቲ መንገድ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ እኔ ዘንድ ቴምር ሳይዝ የማይመጣ፣ ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ አማች ይስጠን» የሚልለት። ኒሞ የምትባል፣ በቅርብ አፏን የፈታች ሴት ልጅ አለቻቸው። ኢዲል ገና አላገባችም፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ለመሆን እየተማረች ከእኔ ጋር ትኖራለች።

የፈራሁት ለሃሊሞ ትዳር ነበር። በእኛ ቤት ወግ ያገባች ልጅ ዕቃ በወላጅ ቤት አያድርም። ዕቃዋ ተመለሰ ማለት እሷ ተመለሰች ማለት ነው። አንዲት ጎረቤት የሃሊሞን ልብስ እኔ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ካየች፣ ለመግሪብ ሶላት ሳይጠራ መጋላ በሙሉ «የሻሚስ ልጅ ተፈታች» ይላል። ወሬ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ መጀመሪያ ይወራል፤ ቀጥሎ እውነት ይሆናል። ስለዚህ የረሳችውን ባገኘሁ ቁጥር ያንኑ ቀን እመልሰው ነበር። ሙመድ የሚባል ጺሙን ሂና የሚቀባ ባለባጃጅ አለ፤ እሱን እጠራና በፌስታል ጠቅልዬ «ለባሏ በእጁ ስጥልኝ፤ እንዳይቆጣት በልልኝ» እለዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሃሊሞ ሥራ ላይ ናት፤ ጦልሃ ግን መንገድ ካልወጣ በበርጫ ሰዓት፣ ጫት በሚቃምበት፣ ከቤቱ አይጠፋም።

ለእሷ አልነገርኳትም። መርሳቷን ብነግራት ታፍራለች፤ ስታፍር ይብስባታል ብዬ። ደግሞ የሚገርመው የምትረሳበት ቦታ! ከሣጥኑ ኋላ፣ ከትርፍ ፍራሹ ሥር፣ አንድ ቀን እንዲያውም ከባዶ የዘይት ጀሪካኖች መሃል። ስጠርግ ስጠርግ ነው የማገኘው።

እንግዲህ አንድ ጠዋት የግፊት መድኃኒቴ አልቆብኝ ሃሊሞ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። እሷ ከኋላ ክፍል ካርቶን እየከፈተች ነበር። ኃላፊዋ ተማም፣ ውጭ አገር የተማረ፣ ሲናገር ግማሹ ፈረንጅኛ የሆነ ሰው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«አዬዮ ሻሚስ፣ ይህችን ልጅ እንዴት አድርገሽ ነው ያሳደግሻት?» አለኝ።

ከወንበሩ ብድግ አልኩ። «ምን አጠፋች?»

«ምን ታጠፋለች! ሃሊሞ እኮ ሜቶዲካል ናት። እንደ እሷ ያለ ሰው አልገጠመኝም።»

«እንዴት ነው እሱ?»

ሊመልስልኝ ሲል አንድ ሰውዬ ማዘዣ ይዞ ገባ። ተማም «ጥሩ ነገር ነው፣ አትፍሪ» ብሎኝ ሄደ። አትፍሪ ሲሉኝ ነው እኔ የምፈራው። ቃሉን እንዳይጠፋብኝ በአፌ እያመላለስኩ፣ ሜቶዲካል፣ ሜቶዲካል፣ እያልኩ በዚያ ፀሐይ ቤቴ ደረስኩ። መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝን ሰዎች ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላውቅም።

ኢዲል ያን ቀን ትምህርት አልነበራትም፤ መብራት ጠፍቶባት በካርቶን ክዳን ራሷን እያራገበች ተጋድማ ነበር።

«ኢዲል፣ ተነሽ እስቲ። ሜቶዲካል ማለት ምንድን ነው?»

«ማን ሰደበሽ?»

«ስድብ ነው እንዴ!»

«ኧረ እየቀለድኩ ነው፣ አዬዮ! ፊትሽ ምነው እንዲህ ሆነ? ውኃ ጠጪ መጀመሪያ።» ተነሥታ ተቀመጠች። «ሥራውን በዘዴ የሚሠራ ሰው ነው። ተራ በተራ፣ ሳይቸኩል፣ መሃል ላይ ሳይዘል። ቅጽል ነው፤ ማለት ስምን የሚገልጽ…»

«ቅጽል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እስከ ስምንተኛ ተምሬያለሁ፣ አትርሺ።»

«ሀዬ፣ ይቅርታ ፕሮፌሰር።»

«ጎበዝ ማለት ነዋ በአጭሩ።»

«አይደለም። ጎበዝ ሆኖ ዝርክርክ የሆነ ስንት አለ። እኔን እይኝ።»

«አንቺ ጎበዝ መሆንሽን ማን ነገረሽ? ፈጣን ማለት ነው?»

«ፈጣንም አይደለም። እንዲያውም ሜቶዲካል ሰውን ስታዪው ቀርፋፋ ሊመስልሽ ይችላል። ጥንቁቅ ብቻም አይደለም፤ ጥንቁቅ ሰው እንዳይሳሳት ይፈራል፤ ይኼኛው ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። አንዱን ሲሠራ የሚቀጥለው በሐሳቡ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ዛሬ የሠራውን ለብቻው ብታዪው ምንም አይመስልሽም፤ ነገ የሚሠራውም ምንም አይመስልሽም። መጨረሻ ላይ ግን ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ፣ ያለቀ ሥራ።»

እኔ አንድ ነገር ካልፈተንኩት አይገባኝም። ልጅ ሆኜም አስተማሪዬን በዚሁ ነበር የማስመርረው።

«የደቻቱ ጎርፍ ሜቶዲካል ነው?»

ኢዲል ሳቋን ለቀቀችው። «ወላሂ አንቺ! ጎርፍ ምን ዘዴ አለው? ያገኘውን ነው የሚጠርገው።»

«ምስጥስ? የጎረቤታችንን የሳላሕን ቁም ሣጥን ከውስጥ በልቶ በልቶ፣ ከውጭ ቀለሙ ሳይነካ፣ አንድ ቀን እጀታውን ቢስበው እጁ ላይ ቀረ።»

«ምስጥ…» አሰበች። «ለምስጥ ቢባል ያስኬድ ይሆናል። ግን በብዛት የሚባለው ለሰው ነው። ለሰውዬው ወይ ለሥራው፣ ለፍለጋው፣ ለአሠራሩ። ፖሊስ የጠፋ ነገር ሲፈልግ ከአንድ ክፍል ጀምሮ፣ መሳቢያ በመሳቢያ ካየ፣ ፍለጋው ሜቶዲካል ነው ይባላል። እዚህም እዚያም ከዘለለ አይባልም።»

«ለክፉ ሥራስ?»

«ይባላል። ሌባም ሜቶዲካል ይሆናል። ቃሉ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ነው የሚናገረው፤ ለምን እንደተሠራ አይናገርም።»

ይኼኔ ወገቤን ይዤ ተነሣሁ። ተማም ላይ ተናደድኩ። ውጭ አገር ድረስ ሄዶ ተምሮ ሰው ማየት አልቻለም ማለት ነው።

«እንግዲያው ያ ሰውዬ ተሳስቷል» አልኩ። «ሃሊሞን ነው እንዲህ ያላት። እህትሽን! በመጣች ቁጥር ዕቃ የምትረሳዋን! ነገ ደግሞ መድኃኒት ትረሳና ሰው ትገድላለች፤ ያን ጊዜ ሜቶዲካል ይበላት።»

«ሃሊሞ? ሃሊሞ መቼ ነው ዕቃ የረሳችው?»

ኢዲል በጠዋት ወጥታ በምሽት ስለምትመለስ አታውቅም ነበር። እኔም የእህቷን ነውር አላወራሁላትም። አሁን ግን አንደበቴ ተፈታ።

«ምን ያልረሳችው አለ? መጀመሪያ የኒሞን ሹራቦች ረሳች።»

«ሹራብ? በድሬ ሙቀት?»

«እኔስ ምን አልኩ! ቀጥሎ የራሷን ወፍራም ካፖርት፣ ያንን ሥልጠና ስትሄድ የገዛችውን። ከዚያ ትርፍ አንሶላዎች። ከዚያ የሰርጓን ልብስ በፌስታል ጠቅልላ። ከዚያ የእናታችሁን የወርቅ ጉትቻ፣ በመሐረብ ቋጥራ፣ ያውም ከጀሪካን መሃል! ወርቅ እንዲህ ይረሳል? ከዚያ ዲፕሎማዋን። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የኒሞን የክትባት ካርድ። ልጅቷ ብትታመም በምን ሊያክሟት ነው? ይኼ ነው ተራ በተራ? ይኼ ነው ሳይዘል?»

ኢዲል ካርቶኑን ማራገብ አቆመች። መሳቋንም አቆመች። ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ሲለወጥ አየሁት።

«አዬዮ፣ በዚሁ ተራ ነው የረሳችው? እንደነገርሽኝ?»

«በዚሁ ነው። ምነው?»

«ስልኳን ረስታ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ቦርሳዋን? የቤቷን ቁልፍ? የኒሞን ጡጦ?»

አሰብኩ። አንድም ቀን አልረሳችም። ያን ቀን የምትፈልገውን ነገር ረስታ አታውቅም። የረሳችው ሁሉ ከቤቷ ቢጠፋ ማንም ልብ የማይለውን ነበር፤ መጀመሪያ ከቁም ሣጥን ጥግ ያለውን፣ ቀጥሎ በዓመት አንዴ የሚወጣውን፣ ከዚያ የተቆለፈበትን፣ በመጨረሻ ወረቀቱን። ሹራብና ካፖርት የሚለበስበት አገር ደግሞ አለን። ሌላዋ ልጄ ናስቲሆ፣ የእነ ሃሊሞ አክስት፣ ጅግጅጋ ነው የምትኖረው። ጠዋት ጠዋት አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው ትለኛለች በስልክ።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልትሄድ ነው» አለች ኢዲል ቀስ ብላ። «አዬዮ፣ ሃሊሞ ጦልሃን ትታው ልትሄድ ነው።»

«አስተግፊሩላህ በይ!»

«ቤቷን በቦርሳ በቦርሳ እያወጣች ነው። አንድ ቀን ለሥራ እንደምትወጣ ሆና ልጇን ይዛ ትወጣለች፤ ሻንጣ የለ፣ ኮተት የለ፣ ማን ይጠረጥራታል? እዚህ ትመጣና ሁሉም ተሰብስቦ ይጠብቃታል።» ዙሪያዋን አየች። «የት አደረግሽው?»

የሻርፔን ጫፍ መጠቅለል ጀመርኩ።

«አዬዮ፣ ዕቃዎቹ የት ናቸው?»

«መልሼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። በየቀኑ፣ ባገኘሁት ቁጥር። ለጦልሃ። በእጁ።»

ኢዲል ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እንደዚያ አድርጋ የማውቃት እናታቸው የሞተች ዕለት ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኬን አንሥታ ሙመድ ጋ ደወለችና ድምፁን ለቀቀችው።

«አዬዮ!» አለ ሙመድ እየሳቀ፣ ጉንጩ በጫት ተሞልቶ። «ዛሬ ደግሞ ምኗን ረሳች? ራሷን እንዳይሆን ብቻ!»

«ሙመድ፣ እኔ ኢዲል ነኝ። አዬዮ የሰጠችህን ዕቃ ለማን ነው የምትሰጠው?»

«ለጦልሃ ነዋ፣ በእጁ ተብዬ የለ። አቦ፣ እንደሱ ያለ ደግ ሰው! አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረም። ‹አዬዮን ሰላም በልልኝ፤ ለሃሊሞ ግን ማንም እንዳይነግራት፣ እንዳታፍር› ነው የሚለኝ።»

«ቤት ውስጥ ነው የሚያስገባው?»

«ኧረ መኪናው ላይ ነው፣ ከወንበሩ ኋላ። ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ዕቃ ያከብራል ሰውዬው። ምነው፣ የጎደለ አለ እንዴ?»

«የለም» አለችና ዘጋችው።

የጎደለ የለም። ይኼው ነበር የሚያስደነግጠው። ከመጀመሪያው ሹራብ ጀምሮ ጦልሃ አውቋል። አልተቆጣም፣ አልጠየቀም፣ ዕቃውን ወደ ቦታው አልመለሰም። ወደ ቦታው ቢመልሰው ሃሊሞ ታይ ነበርና። አንድ በአንድ እየተቀበለ፣ እየቆለፈበት፣ እስክትጨርስ ጠበቀ። ሚስት ተራ በተራ ስታወጣ ባል ተራ በተራ ይሰበስባል፤ መሃል ላይ ሆኜ የማቀብለው ደግሞ እኔ። ለትዳሯ አዝኜ!

«ደውይላት» አልኩ።

ሳንደውል መጣች። በሩ ላይ የኒሞን ሳቅ ሰማሁ። ሃሊሞ የራሷንም የልጇንም ጫማ አውልቃ ከበሩ አጠገብ ደርድራ፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ ተማም ግማሽ ቀን ሰጠኝ» እያለች ገባች። ትከሻዋ ላይ የተለመደው ቦርሳ፣ እጇ ላይ ትንሽ ፌስታል። ፊታችንን አየችና ቆመች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

ኢዲል ነገረቻት፣ በአጭር በአጭሩ። ሃሊሞ ፌስታሏን መሬት አስቀመጠች፣ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓዳ ገባች፣ ከሣጥኑ ኋላ አየች፣ ፍራሹን አነሣች፣ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ገለል አደረገች። እየሰማኋት ነበር። ስትመለስ ከንፈሯ ነጥቷል።

«ዲፕሎማዬንም?» አለችኝ።

«ሃሊሞዬ፣ አላወቅኩም።»

«ጅግጅጋ ሥራ አግኝቼ ነበር። እሱን ካላሳየሁ አይቀጥሩኝም።»

«ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ጠላትሽ ነኝ?»

«ነግሬሽ ነበር፣ አዬዮ። መንገድ ሲወጣ በሩን ከውጭ ይቆልፍብናል አልኩሽ። ማታ ቆልፎ ይሄድና ጠዋት ወንድሙ መጥቶ ይከፍታል አልኩሽ። ‹ለሌባ ነው፣ ስለሚወድሽ ነው› አልሽኝ። ሌባው ማን ነው? ውስጥ ያለነው እኔና ኒሞ ብቻ ነን።» ኒሞን ወደ ራሷ ሳበቻት። «ባለፈው ኒሞን ትኩሳት ይዟት ዓይኗ ሲገለበጥ በመስኮቱ ብረት ስጮህ አደርኩ። ሰው መጣ፤ በሩን ግን ማን ይክፈተው? ጎረቤቶች በብረቱ ውኃ እያቀበሉኝ አጠብኳት። ሲመለስ ነገርኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ዳነች አይደል?› አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።»

ልሄድ ነው ብትለኝ ኖሮ እሷንም እንደ ዕቃዋ ጠቅልዬ በሙመድ ባጃጅ እመልሳት ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ለዚህ ነው ከጀሪካን መሃል የደበቀችው።

«አሁኑኑ ወደ ናስቲሆ ሂዱ» አለች ኢዲል። «ዕቃው ይቅር። ተማም የዲፕሎማሽን ግልባጭ አያጣም፤ እኔ እጠይቀዋለሁ። ልጅሽን ያዢና…»

«አሰላሙ አለይኩም፣ አዬዮ» አለ አንድ ድምፅ ከደጅ።

በበርጫ ሰዓት፣ ድሬ በሙሉ ጋደም ባለበት፣ ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት ጦልሃ ደጄ ላይ ቆሟል። ሃሊሞ ኒሞን አፏን ይዛ በመጋረጃው ገባች። ኢዲል ተከተለቻት። እኔ ሻርፔን አስተካከልኩ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ። ግባ።»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ሲያወልቅ የሃሊሞን ነጠላ ጫማና የኒሞን ቀይ ጫማ አየ። ትንሽ አየና፣ የራሱን ከእነሱ ጎን አስተካክሎ አስቀመጠ። ከዚያ ገብቶ፣ ሌላ ጊዜ የሚቀመጥበትን ትቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ጫማዎቹን በሚያይበት በኩል ተቀመጠ። ቴምሩን ሰጠኝ።

«ሃሊሞ አለች? ከሥራ ወጥታለች አሉኝ።»

የለችም ልል ነበር። በዚያ ጫማ ፊት እንዴት ብዬ!

«ልጅቷን እያስተኛች ነው» አልኩ።

«ይተኙ። እኔ አልቸኩልም።» ፈገግ አለ። «ዛሬስ ምንም አልረሳችም?»

«ምንም።»

«እንኳን። ብዙ ረሳች እኮ፣ ምስኪን። ሁሉንም መኪና ውስጥ አስቀምጬላታለሁ። አብረን ወደ ቤት ስንሄድ እመልስላታለሁ ብዬ ነው። አንቺን ግን አላህ ይክፈልሽ፣ አዬዮ። አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?»

ይህን ሲለኝ የቴምሩን ሣጥን መሬት አስቀመጥኩ። ሰው አመሰግናለሁ ብሎ እንዲህ ሊወጋ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ነበረኝ። በእኛ ወግ አማች መጋረጃ አያልፍም። ሚስቱ ጓዳ ብትሆን፣ ቤቱ ቢቃጠል፣ የሚስቱ አያት «እለፍ» ካላለችው በስተቀር ከፊት ክፍል ወዲያ እግሩን አያነሣም። ጦልሃ ደግሞ ወግ አፍርሶ አያውቅም። ደግነቱ ሁሉ ወግ ነበር።

«ሳትበላማ አትሄድም» አልኩት።

«ኧረ አታስቸግሪ…»

«ማን ሊስቅብኝ ነው? አማቼ ባዶ አፉን ወጣ ይበሉኝ?»

መጋረጃውን አልፌ ገባሁ። ሃሊሞ ኒሞን በሻርፕ ጀርባዋ ላይ እያሰረች ነበር። ልጅቷ ጣቷን ጠብታ እንቅልፍ እየወሰዳት ነው። ኢዲል የጓዳውን በር እያየች ነው። ያ በር ወደ ሳላሕ ግቢ ይወጣል፤ ከሳላሕ ግቢ ወደ ሌላው፤ መጋላ ውስጥ ሴት መንገድ ሳትረግጥ ሠፈር ታቋርጣለች። ብቻ የበሩ መቀርቀሪያ ዝጓል። ሲሳብ እንደ ሰው ያለቅሳል።

ምድጃ አነደድኩ። ወተት ጣድኩ። ሀልዋውን ቆረስኩ። እጄ ይህን ሁሉ ሲሠራ ጆሮዬ ወደ ፊት ክፍሉ ነበር። የመጀመሪያውን ሻይ ይዤ ወጣሁ፣ ሰጠሁት፣ ስለ ጅቡቲ መንገድ ጠየቅኩት። ስለ ሙቀቱ መለሰልኝ። ዓይኑ ከበሩ አልተነሣም። ጫማዎቹ እዚያ ናቸው፤ ጫማዎቹ እዚያ እስካሉ ድረስ ሴትዮዋም አለች። በዚያ የድሬ የቀትር አሸዋ ላይ ልጅ አዝሎ በባዶ እግሩ የሚወጣ ማን አለ? ስለዚህ ጠጣ። ተረጋግቶ ጠጣ።

«ስኳር አንሶታል» አለኝ።

«አመጣለሁ።»

ስገባ ኢዲል ትልቁን ሳፋ አንሥታ የጓዳው ቧንቧ ሥር አስቀምጣ ውኃውን በሙሉ ለቀቀችው። ውኃው ቆርቆሮውን ሲመታ ቤቱ ሁሉ በጩኸት ተሞላ።

«ምንድን ነው?» አለ ጦልሃ ከወዲያ።

«ውኃ መጣ!» ብዬ ጮህኩ። «ዛሬ ካልሞላን ሳምንት ሙሉ ላይመጣ ነው!»

ድሬ ውስጥ ውኃ መጣ ሲባል የማይገባው ሰው የለም።

ሃሊሞ መቀርቀሪያውን ያዘች። እግሯን አየሁት፣ ባዶ ነው። እሷም ወደ መጋረጃው፣ ወደ ጫማዎቹ በኩል አየች፤ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ተይው አልኳት በዓይኔ። ገባት። የራሴን ጫማ እንዳልሰጣት እሱም ከፊት በር ነው። ካልሲዬን አወለቅኩና ዘረጋሁላት፣ የስኳር በሽተኛ ሴትዮ ወፍራም ካልሲ። ትንሽ አመነታች። ተቀበለችኝና አንድ እጇን ግድግዳው ላይ ተደግፋ አጠለቀችው።

ይቅር በይኝ ልላት ፈለግኩ። ድምፅ ማውጣት አልችልም። ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። አይታኝ ይሁን አይታኝ አይሁን አላውቅም፤ የኒሞን ራስ በሻርፑ ጫፍ እየሸፈነች ነበር።

«አዬዮ፣ ስኳሩ» አለ ከወዲያ።

«መጣሁ፣ ልጄ፣ መጣሁ።»

ውኃው እየጮኸ መቀርቀሪያው ተሳበ። የቀትሩ ብርሃን ጓዳው ውስጥ ገባና የኒሞን የተንጠለጠለ እግር አበራው። ሃሊሞ ወደ ኢዲልም ወደ እኔም ሳትዞር፣ ወደ ሳላሕ ግቢ ወጣች።